ትንሹ መንጋ

ነጌሌ ቦረና፣ ሚያዝያ 1965 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ደሳለኝ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ሙት ዓመትህ እንኳ ገና አልደረሰም። ቢሆንም የሰሞኑን ነገር ላንተ ሳልነግር አንጀቴ አይርስም።

ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ቢረሳው እኔንና ልጃችንን እሙሽን ሊወስዱ ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ባል ከሞተ ወዲያ በሰው አገር ምን ትሠሪያለሽ? ቤታችን ሰፊ ነው» አሉኝ። ማስተማሬስ ብላቸው «እሱ ይቅር፣ ምን ይጎድልሻል» አሉ።

ያን ጊዜ አንተ ተማሪዎችህን ስለ ሰማይ ያስተማርከው ትዝ አለኝ። እኔ በጎንህ ካለው ክፍል ሆኜ በጭቃው ግድግዳ እሰማህ ነበር። ጋላክሲዎች ተሰባስበው ይኖራሉ አልክ፤ ለዚህ ለሊበን አገር ከብት ጠባቂ ልጆች እንዲገባቸውም «መንጋ» አልከው። ትንሿ ጋላክሲ በትልቁ መንጋ ስትሳብ አዲስ ኮከብ የሚፈጠርበት ጋዟ ይገፈፋል፤ ከዚያ ወዲያ ባሏት ኮከቦች ብቻ እየበራች ታረጃለች። የኛይቱ ግን ከጥቂት ጎረቤቶቿ ጋር ነች፤ ዛሬም ኮከብ ትወልዳለች። ደሳለኝ፣ ጋሼ ቤት ገብቼ እንደ ተገፈፈችው መሆንን ፈራሁ። ብቻዬን መቅረትንም ፈራሁ።

ማምሻውን ጓደኛህ ሀላኬ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ከሚስቱ ከዲንኪቱ ጋር አንዲት ጊደር እየነዳ መጣ።

«አካም፣ ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለንና ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ። «የእሙሽ ናት።»

«ለምኑ?» አሉ ጋሼ ቢረሳው።

«እኛ ቦረናዎች ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ ያቆመዋል እንጂ ሂድ አይለውም። ደሳለኝ ወንድማችን ነበር። ዘመዶቼ ተሰብስበው ቤቱ አይፈርስም ብለዋል።»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «እነዚህ ምንሽ ናቸው?»

ዲንኪቱ እሙሽን አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። መልስ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«ሰዎቼ ናቸው፣ ጋሼ። አልሄድም» አልኩ።

ጋሼም «ልጅቷን ግን አታስረሺን» ብለው የእሙሽን ግንባር ሳሙ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና ሄዱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ የዓይናቸው አስተያየት ያንተን ይመስላል።

አንተ ካረፍክ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጨለመውን ቤት መክፈት ያስጨንቀኝ ነበር። ዛሬ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ፋኖሱ በርቷል። እሙሽን ልትጠብቅልኝ የመጣችው ዲንኪቱ ኮቴዬን ሰምታ ከውስጥ «ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩና ገባሁ።

አፈሩ ይቅለልህ።

ሀረገወይን