ወልዴ፣ የቡሎኑን ጉዳይ ለልጅህ ነገርኩት

ለወልዴ፣ ለልጄ አባት፤

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ግን ናፍቀኸኛል፣ ደህናም አይደለሁም፣ በዚያ ላይ ተናድጄብሃለሁ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እስከ ዛሬ መቃብርህ ጋ መጥቼ አልቅሼ እመለስ ነበር እንጂ አንድም ቀን እዚያ ቆሜ ተቆጥቼህ አላውቅም። ዛሬ ግን የምነግርህ ስላለኝ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እኔ አሁንም ሸማ ተራ ነኝ፤ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። ጥጥ ስትነግጂ ጥጥ ልትሆኚ ነው እያልክ የምትቀልድበት ፀጉሬ አሁን የእውነት ነጭ ሆኗል፤ ደስ ይበልህ። ጎሚስታ ቤትህ የለም። አንተን የወሰደው የታንከር ፍንዳታ ግድግዳውን ስለጣለው ባለቤቱ አድሶ ለፕላስቲክ ነጋዴ አከራየው፤ ጎማ ይደረደርበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ባልዲ ተደርድሯል። በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ ዞሬ ነው የምሄደው። ፒካፕህን ግን አልሸጥኳትም። ሽጪያት ያላለኝ ዘመድ የለም፤ እምቢ አልኩ።

ናቲ ሙያህን ይዟል። ከቀብርህ በኋላ ይህን ሥራ እንዳላይብህ ብዬ ለምኜው ነበር፤ የሚሰማኝ ይመስልሃል? ያንተ ልጅ አይደል። ቤት ስለሌለው ሥራውን ፒካፕዋ ላይ ላደርገው አለ። መርካቶ ውስጥ ጭነት እንደያዘ ጎማው የተነፈሰ መኪና የትም አይሄድም፣ አየሩ ነው ወደ እሱ መሄድ ያለበት፣ መብራት ቢጠፋም ሞተር እስካለ ድረስ ሥራ አይቆምም አለኝ።

ሐሳቡ ያንተ እንደሆነ አላጣሁትም። ለመስቀል አገር ቤት ስንወርድ መንገድ ላይ ጎማ የተነፈሰብን ጊዜ ትዝ ይልሃል? በእጅ ፓምፕ እየተፈራረቅን ስንነፋ፣ እኔ አዲሱን ቀሚሴን ሰብስቤ ላብ በላብ ስሆን፣ አንተ መርዳቱን ትተህ መሬት ላይ ተቀምጠህ ትስቅ ነበር። የዚችን መኪና ኤሲ አንድ ቀን ጎማ መንፊያ አደርገዋለሁ ያልከው ያን ቀን ነው። ኤሲው እንደሆነ ከገዛናት ጀምሮ አቀዝቅዞልን አያውቅም። ቢያንስ ለአንድ ነገር ይጥቀመን ብዬህ ነበር።

ናቲ ሠራው። የኤሲው ኮምፕሬሰር በሞተሩ ቺንጋ፣ በቀበቶው፣ የሚዞር ነው፤ ጋዝ መጭመቅ ከቻለ አየርም ይጨምቃል አለኝ። ውስጡ የቀረውን ጋዝ ኤሲ ሠሪ ጋ ወስዶ አስወጣ። በሚስብበት በኩል የአየር ማጣሪያ ገጠመለት፤ በሚገፋበት በኩል ደግሞ ወፍራም ቱቦ እስከ ኋላ ድረስ ስቦ፣ ከምናለሽ ተራ ባመጣው የአየር ታንከር ላይ አሰረው። ድሮ ዘይቱን የሚያዞርለት ጋዙ ስለነበር አሁን ደርቆ እንዳይቃጠል ዘይት የሚያንጠባጥብለት ዕቃ ጨመረ። ታንከሩ ሲሞላ ኮምፕሬሰሩን የሚያቆም ማብሪያም አለው። ሰባተኛ ሰፈር መለዋወጫ የሚሸጡት ጓደኛህ ጋሽ ሸምሱ የአየር መለኪያውንና ሴፍቲዋን በነፃ ሰጡት። ሴፍቲ የምለው አየሩ ከልክ ሲያልፍ ራሷ ተከፍታ ትፍ የምትለዋን ትንሽ ባልቦላ ነው። አንተ ከኔ በላይ ታውቃታለህ።

አንድ ዓርብ፣ የአንዋር መስጊድ የጁምዓ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ሰባተኛ አካባቢ ስኳር የጫነ መኪና የኋላ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ዘግቶ ነበርና ናቲን ጠሩት። የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ እማዬ መጥተሽ እዪኝ አለኝ። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሄድኩ። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ይነፋል፣ ተሸካሚው ይሳደባል፣ ሹፌሩ ቶሎ በል እያለ ይጮኻል። ናቲ የፒካፕዋን ሞተር አስነስቶ፣ ጀርባውን ለታንከሩ ሰጥቶ ጎማው ሥር ተንበርክኳል።

እኔ መለኪያውን አያለሁ። መርፌዋ ቀዩን መስመር ነካች። አሁን ማብሪያው ያቆመዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላቆመም። እሺ፣ ሴፍቲዋ ትፍ ትላለች አልኩ። ያን ድምፅ ምሳህን ይዤ ስመጣ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ዝም አለች። መርፌዋ ቀዩን አልፋ ትሄዳለች። ጎንበስ ብዬ ታንከሩን ሳይ በሴፍቲዋ ቦታ ላይ በነጭ ቴፕ የተጠቀለለ ቡሎን ታስሯል። ሮጬ ጋቢና ገባሁና ቁልፉን ነቀልኩት።

ሞተሩ ጠፋ እንጂ አየሩ ታንከሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ናቲ ተቆጥቶ መጣ፤ ምን ሆነሻል እማዬ፣ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ አለኝ። ቱቦውን ክፈትና አስተንፍሰው፣ ሌላ ቃል እንዳልሰማ አልኩት። ፊቴን አይቶ መሰለኝ ከፈተው። አየሩ እየጮኸ ሲወጣ፣ መርፌዋ ቀስ እያለች ስትወርድ፣ እኔ በልጄና በታንከሩ መሃል ቆሜ ነበር። ሹፌሩ ይሰድበኛል፤ ምን እንዳለኝ ዛሬ አላስታውሰውም።

አየሩ ሲያልቅ ሴፍቲዋ የት አለች ብዬ ጠየቅኩት። ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። የጭነት መኪና ጎማ ሳይሞላ ቀድማ ትተነፍስብኛለች፣ ሥራ ታስፈታኛለች አለ። ቀጥሎ የሚለውን አውቄው ነበር፤ ባይለው ብዬ ተመኘሁ። አለው። አባዬም እንዲህ ነበር የሚያደርገው አለኝ።

አዎ፣ እንዲህ ነበር የምታደርገው። የሞትክ ቀን ሆስፒታል ልብስህን በፌስታል አድርገው ሲሰጡኝ፣ የታንከርህን ሴፍቲ ቱታህ ኪስ ውስጥ አገኘኋት። ቀዳዳዋን በቡሎን ደፍነህ እሷን ኪስህ ከተሃታል። ጋሽ ሸምሱ መልሰህ ግጠማት ብለው ስንቴ ለመኑህ? ምንም አይሆንም እያልክ በቀልድ ሸኘሃቸው። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ታንከሩ አርጅቶ ነው የፈነዳው ሲል እኔም አርጅቶ ነው አልኩ። ለሞተ ሰው ስም ማን አይሳሳም? ናቲም በሙያው እንደ አባቴ የሚሆን የለም እንዳለ ነው የኖረው።

እዚያው መንገድ ዳር፣ ክላክሱ እየጮኸ፣ ነገርኩት። አባትህን የገደለው የታንከር እርጅና አይደለም፣ ይህ ቡሎን ነው አልኩት። ስምህን በልጅህ ፊት ጣልኩት ወልዴ። የተሻለ ቦታና የተሻለ ቃል ባገኝ ደስ ባለኝ። ግን አንተን ንጹሕ ላድርግ ብዬ የእሱንም ልብስ በፌስታል ልቀበል?

ናቲ ፒካፕዋን እዚያው ጥሎ ሄደ፤ ጎማውን ሌላ ጎሚስታ መጥቶ ጨረሰው። ቤት ሲመጣም አያናግረኝም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይወጣል። ጠላኝ ብዬ አለቀስኩ። አንተንም ብቻዬን እየተቀመጥኩ ስሰድብህ ነበር፣ አልደብቅህም። በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሄዶ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እውነት ነው ልጄ አሉት። ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ አሉኝ፤ ቀብርህ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

ከዚያ ማብሪያውን ቀየረ። ታንከሩ ምን ያህል እንደሚችል አስመርምሮ ለዚያ የምትሆን ሴፍቲ ገዛና ቡሎኑን ፈታ። ትናንት ጠራኝ። ማብሪያውን ሆን ብሎ ነቅሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሁለታችንም ራቅ ብለን ቆምን። አየሩ ከልክ ሲያልፍ ሴፍቲዋ ትፍ አለች። እኔ ግን አሁንም አላረፍኩም፤ ሥራ ሲወጣ እስኪመለስ ድረስ የምትታየኝ ያቺ መርፌ ናት። ቢሆንም ሥራህን ተው አላልኩትም።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። ለሁለተኛው ሙት ዓመትህ የሚመጡት አብዛኞቹ የሙያ ጓደኞችህ ናቸው። ደግነትህን ያወራሉ፣ እኔም አወራለሁ። ናቲ ግን እኔም ተነስቼ እናገራለሁ አለኝ። አባቴ እንዴት እንደሞተ እነግራቸዋለሁ፣ ከመሃላቸው ቡሎን ያሰረ አይጠፋም አለ። ተው ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በጓደኞችህ ፊት እንደምታፍር አውቃለሁ፣ እኔም አብሬህ አፍራለሁ። ቻለው። እንረሳሃለን ብለህ ግን አትስጋ፤ እኔ እስካለሁ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ያን ቀን ከኛ ቤት ወጥቶ ቡሎኑን የፈታ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ፣ ማታ ልጆቹ በር ላይ ሮጠው የሚቀበሉት ባንተ ነው።

ያንተው አልማዝ