በልጅ ልጄ ክፍል ስለተከፈተው ቁማር ቤት

ይድረስ ለክቡር አቶ ስታንቾ ኩዩምጂየቭ፣
የዕድል ጨዋታዎችና የቁማር ማሽኖች ተቆጣጣሪ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዕረፍትዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ የከሰዓት በኋላ ጸጥታ ያልተረበሸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዳኑብ ዳር ባለችው ዶልና ቪርባ ከተማችን እንደ ዕድሜዬ ደህና ነኝ። ምናልባት ሥራ በዝቶብዎት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ በሰባተኛ ክፍል ቋንቋ ያስተማርኩዎ ራንገል ፆነቭ ነኝ። ያኔ «አንተ» ይል የነበረው አፌ ዛሬ «እርስዎ» ለማለት ምንም አልተቸገረም፤ ወንበር ሰውን እንደሚያሳድግ በዚያው ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁና። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ የለመንኩትም ስለ ሌላ አይደለም፤ በፖስታ የላክኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ተመችቷቸው እዚያው ስለቀሩ ነው።

ጋዜጣውን የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ቬሴሊንና ሚስቱ እንግሊዝ አገር አትክልት በሚያሽግ ፋብሪካ ከተቀጠሩ አምስት ዓመታቸው ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ካሊና እኔ ዘንድ ቀረች። አብረዋት ካደጉት ልጆች አራቱ በየተራ ከወላጆቻቸው ጋር ወጥተው፣ አንዱ ጀርመን፣ ሁለቱ ስፔን፣ አንዷ ቆጵሮስ ናቸው። እነዚህ አምስት ልጆች የሚገናኙበት ሰፈር አንድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እሱም በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የካሊና አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ያንን ጨዋታ ገና ሊከፍት ሲል ያቃስትና ይጠፋል። በገና ሰሞን እናትና አባቷ ሊወስዷት መጥተው ሳለ ልጅቷ ቁርጡን ተናገረች፦ «ጨዋታውን የሚችል ኮምፒውተር ካለኝ፣ አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ከዴዶ ጋር እዚሁ እቆያለሁ።» ዴዶ ማለት አያት፣ ማለትም እኔ ነኝ። አባቷም እሺ አለ። እንግዲህ ለክቡርነትዎ ማሽን የሆነው ነገር፣ ለእኔ ልጅቷ የምትቀርበት ወይም የምትሄድበት ጉዳይ ነበር።

ዕቃ መምረጡ ሁለት ወር ፈጀ። እኔ ሱቅ ገብተን የተሠራውን እንግዛ ባይ ነበርኩ። እሷ ግን «ዴዶ፣ የተሠራውን ስትገዛ ስሙንና መብራቱን ነው የምትገዛው፤ እየመረጥን ራሳችን እንገጥመዋለን» አለችና የሒሳብ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ኬዝ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚገባበትን ቀፎ፣ አይቼ ወደድኩት። «መብራት ፍጥነት አይጨምርም» ብላ ሰረዘችው። ካለን ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለግራፊክስ ካርዱ ይሁን፣ እሱም ያገለገለ ይሁን አለች። ፕሮሰሰሩ ያለፈው ትውልድ ቢሆን ማንም አይሞትም። ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ግን አዲስና የታመነ መሆን አለበት፤ «እሱ ላይ የቆጠብክ ቀን ሌላውን ሁሉ ይዞት ነው የሚሄደው» ትላለች። አርባ ዓመት ሳስተምር ዋናውን ከትርፉ እንዲህ አጥርቶ የሚለይ ተማሪ ብዙ አልገጠመኝም። ይህን ስል ስለ ክቡርነትዎ እያሰብኩ እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

ማዘርቦርድ የሚሉት፣ ሌላው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ላይ ስንደርስ ግን ቆጣቢዋ ልጅ ተለወጠችብኝ። ሁለት የሚሞሪ መሰኪያ ያለው ርካሹ እያለ፣ አራት ያለውን መረጠች። ለምን ብላት፣ «ሁለቱን አሁን እንሞላለን፤ ሁለቱ ባዶ ይቆዩና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ እንሞላቸዋለን» አለችኝ። እኔ ሽማግሌው ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና ውሃ ጠጣሁ። አልጠማኝም ነበር፤ ፊቴን እንዳታየው ብዬ ነው።

ቬሴሊን በዝርዝሩ መሠረት ያገለገሉትን ዕቃዎች እዚያው እየለቃቀመ በመጋቢት ላከልን። ጉምሩክ ሳጥኑ ምን እንደያዘ የሚገልጽ ቅጽ እንድሞላ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። ካሊና «ጌይመርስኪ ኮምፒውተር በለው፤ ሁሉም ሰው የሚለው እንደዚያ ነው» ብላኝ ነበር፤ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ፣ «የተጫዋቾች» ማለት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የባዕድ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው፣ የአባቶቼ ቋንቋ እያለ ከእንግሊዝ አልበደርም አልኩ። በንጹሕ ቡልጋርኛ «የኢግራልና ማሺና ክፍሎች» ብዬ ጻፍኩ። መጫወት ከሚለው ግስ የወጣ፣ ሰዋስው የማይነቅፈው፣ «የጨዋታ ማሽን» ማለት ነው። «ኧረ ዴዶ፣ ማንም እንደዚህ አይልም!» አለች። «እኔ እላለሁ» አልኳት። ለካ ሕጉም ይላል፤ ሕጉ ሲል ግን ሳንቲም የሚውጠውን የቁማር ማሽን ማለቱ ነው፤ ሳጥኑም በዚሁ ምክንያት ጉምሩክ ተይዞ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሦስት ግልባጭ ከተጻፈ ደግሞ ክቡርነትዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ይወዳልና።

አንደኛ፣ ስህተቴን ለማረም ባመለከትኩ ጊዜ ስለተሰጠኝ ግልጽ መልስ አመሰግናለሁ። መልሱ፣ ማሽኑ የቁማር አለመሆኑ የሚረጋገጠው ተገጣጥሞ ሲመረመር ነው፤ ክፍሎቹ እንዲገጣጠሙ የሚለቀቁት ደግሞ ማሽኑ የቁማር አለመሆኑ ሲረጋገጥ ነው ይላል። ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በመምህርነት ዘመኔ ባገኝ ኖሮ፣ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ፈልጉ ብዬ ለፈተና አወጣው ነበር። መስኮት ቁጥር ሦስት ያለችው ወጣት አዝናልኝ፣ «መምህር፣ እኔ ምን ላድርግዎ? ኮምፒውተር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቀው ወረቀቱ ነው» አለችኝ። በጽሕፈት ቤትዎ የሰማሁት ብቸኛ እውነት ይህ ስለሆነ፣ እባክዎ ልጅቷን እንዳይቀጧት።

ሁለተኛ፣ በግንቦት ወር «ቁማር ቤቱን» እንዲመረምሩ ስለላኳቸው ተቆጣጣሪ አመሰግናለሁ። እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ባኒትሳ የምንለውን የአይብ ጥቅልል ዳቦ ብናቀርብላቸው ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። በካሊና ክፍል ያገኙት አንድ አልጋ፣ አንድ የጥናት ጠረጴዛና እዚሁ አገር የገዛነውን ባዶ ኬዝ ነው። ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ «የሳንቲም መቀበያው የት ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት እያለ ከኬዙ ጀርባ ያለውን ክፍተት አሳይታ፣ «እዚህ ጋ ነው፤ ዝርዝር ይበላል፣ መልስ ግን የለውም» አለቻቸው። የሪፖርቱ ቅጂ ሲደርሰን ምን ይላል? «የሳንቲም መቀበያ፦ አለ። መልስ አይሰጥም።» ካሊና ይህን አንብባ «ዴዶ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለችኝ። የልጅ ቀልድ መንግሥት ፊት ማስረጃ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ከልቤ የተናደድኩት ያን ቀን ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ፣ ቤቴ ከትምህርት ቤት አርባ ርምጃ ብቻ ስለሚርቅ ያልለመንኩትን የቁማር ቤት ፈቃድ በመከልከሌ የተሰማኝን አድናቆት መግለጽ እፈልጋለሁ። ያ ትምህርት ቤት ክቡርነትዎ ራስዎ የተማሩበት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተማሪ ጠፍቶ ተዘግቷል። ካሊናም የምትማረው በአውቶቡስ ጎረቤት ከተማ እየተመላለሰች ነበር። ይህንኑ ባመለክት፣ መዝገቡ ላይ ትምህርት ቤቱ ገና ክፍት ነው ተባልኩ። ለሌሉ ሁለት መቶ ልጆች የታየው ጥንቃቄ በእውነት ልብ ይነካል፤ ላለችው ለአንዲቱ ግን የሚጠነቀቅላት መዝገብ አልተገኘም።

አራተኛና አምስተኛም ነበሩኝ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እየተባልኩ የተሳፈርኩባቸውን አውቶቡሶች፣ ደጅ ስጠና የተቀመጥኩበትን እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ሁሉ ላነሣ አስቤ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስዎ። በሐምሌ ወር ኮሪደሩ ላይ ተገናኝተን ነበር። ስልክዎን ከጆሮዎ ሳያነሡ «መምህር! ጉዳይዎ ሂደት ላይ ነው» ብለውኝ አለፉ። የሚሄደው ማን እንደሆነ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የቃል ሰው ሆኜ አንድ ቃል አመለጠኝ።

የሄደችው ካሊና ሆነች። በሰኔ ጓደኞቿ በየማታው እየደወሉ «መቼ ነው?» ይሏት ነበር። በሐምሌ በሳምንት አንዴ ሆነ። ከዚያ ያለ እሷ አራት ሆነው መጫወት ለመዱ። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ቅጹ ላይ ስለጻፍኳት ቃልም አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ ደብተሯን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቬሴሊን ደውሎ «አባዬ፣ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች እኮ፤ ቃላችን እንዲህ አልነበረም» አለኝ። ሻንጣዋን ስትዘጋ ደብተሩን አውጥታ ሰጠችኝና «ዴዶ፣ ከመጣ አንተ ግጠመው። ፕሮሰሰሩን ስትከት እንዳትጫነው፤ ቦታውን ካገኘ በራሱ ነው የሚገባው» አለችኝ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ እጄን ሳወዛውዝ ቆየሁ፤ ከታጠፈም በኋላ ማውረዱን ረሳሁት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ሳጥኑ ከነፈቃዱ በሬ ላይ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ ከመዝገብ በመሰረዙ መሰናክሉ ተነሥቷል፤ እኔም በሕግ የታወቀ ባለ አንድ ማሽን የቁማር ቤት ባለቤት ሆኛለሁ። በካሊና ደብተር እየተመራሁ፣ መነጽሬን ደራርቤ፣ በአራት ቀን ገጠምኩት። ፕሮሰሰሩን አልተጫንኩትም። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ፤ ምርጫዋ አንድ እንከን አልነበረበትም። ደውዬ «ሠራ!» ብላት «ጎበዝ ዴዶ!» ብላ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ «አሁን ልሂድ፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» አለች። ጓደኛ በማግኘቷ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ በዚህም በራሴ አፈርኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምጠይቅዎ አንዳች ነገር የለም፤ ያልለመንኩትን ፈቃድ ሰጥተውኛል፣ የለመንኩትንም እንዳያስፈልገኝ አድርገዋል። በእንዲህ ያለ ትጋት አገራችንን ከልጆች ጨዋታ እየጠበቁ ረጅም ዘመን እንዲኖሩ በመመኘት፣ ለማኅተምዎ እጅ ነሥቼ፣ ለወረቀትዎ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ቀድሞ የቋንቋ መምህር፣
ዛሬ የዶልና ቪርባ ብቸኛው ሕጋዊ ቁማር ቤት ባለቤት፣
ራንገል ፆነቭ

ማስታወሻ፦ ከፈቃዱ ጋር የደረሰኝን ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ስህተት አለበት፤ በቀይ አርሜ አያይዤዋለሁ። አንቀጽ ሰባት ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ሰው ማሽኑ ወዳለበት ክፍል እንዳይገባ ያዝዛል። ስታንቾ ልጄ፣ እዚህ ላይ እንደ ድሮው አንተ ልበልህ። በፈለግህ ቀን ተቆጣጣሪ ላክ፤ ወይም ራስህ ና፣ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ከትምህርት ቤትህ ፊት ለፊት ነው። የማሽኑን ክዳን ክፈት፣ አራቱን መሰኪያ ቁጠር፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ከጠረጴዛው ኋላ ተመልከት፣ አልጋው ሥርም ጎንበስ ብለህ ፈልግ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ማንም አታገኝም።