በመመሪያችሁ ላይ ስለሌለው የብረት ገመድ

ለግላንትስ ሸለቆ የጎብኚዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊ አቶ ሬሚግዩስ ፕላትነር

ቀን፦ ኖቬምበር 9

ጉዳዩ፦ ለውጭ አገር እንግዶች የሚታደለው የስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) ዕረፍት ምክር እንዲታረም፣ በባለቤቴም ላይ የተጻፈው እንዲነሳ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ኖትቡርጋ ሆልትስል በእንግዳ ማረፊያዬ የምተዳደር፣ ባለቤቴ ቪጊልም ተራራው ላይ በረዶ መደልደያ መኪና ሲነዳ የኖረ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ሠርጋችን ላይ በልተዋልና።

2. መሥሪያ ቤትዎ በየክረምቱ የሚያድለው የምክር መጽሔት ደግ ደጉን ይናገራል፤ አልክድም። ትርፍ ጓንት ያዙ፣ ኢንሹራንስ ሳትገቡ ከአገራችሁ አትውጡ፣ የምትከራዩትን ጫማ እዚያው ሱቅ ሞክሩት ይላል። ገጽ ስድስት ላይ ግን፦ «እንደ አገሬው ሰው ይሁኑ! ሕዝቡ ሲወርድ እርስዎ ላይኛው መጠጥ ቤት ይቆዩ፤ ጀምበር ስትጠልቅ አይተው ባዶውን ቁልቁለት ብቻዎን ይውረዱ» ይላል።

3. እውነት ነው፣ እኛ እንቆያለን። የምንወርደው ግን በየት ነው? በደኑ መንገድ! ቁልቁለቱ ማታ ለእንግዳ ሲዘጋ በረዶውን የሚያስተካክለው መደልደያ መኪና እንዳይንሸራተት ከላይ ካለ ምሰሶ ጋር በብረት ገመድ ይታሰራል። ገመዱ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ይተኛና መኪናው ሲስበው ድንገት አንገት ድረስ ይነሳል። ይህን እዚህ አገር ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይናገረውም፤ እናንተም አልጻፋችሁትም።

4. ባለፈው ክረምት ዮሪስ የሚባል ሆላንዳዊ እቤቴ አርፎ ነበር። ተጫዋች ልጅ። መጽሔታችሁን እያውለበለበ «እመቤቴ፣ ሾርባዬን ያቆዩልኝ፤ ዛሬ እኔም ያገሩ ሰው ልሆን ነው» ብሎኝ ወጣ። «ብቻ እንዳትሰክር!» አልኩት፤ ተሳሳቅን። ሾርባው ምድጃ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ገመዱ የሆነ ነገር መትቶ ሲነቀነቅ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ላይ ሮጠ፤ የልጁ ነፍስ እስክትወጣ ድረስም እጁን ይዞት ነበር። የማን እንግዳ እንደሆነ ያወቀው ከልጁ ኪስ በወደቀው የቤታችን ቁልፍ ነው።

5. መሥሪያ ቤትዎ ለመርማሪዎች የጻፈው «አሽከርካሪው በቂ ማስጠንቀቂያ አላደረገም» የሚል ነው። ስለ ገጽ ስድስት ትንፍሽ አላለም። የመኪናው መብራት ይበራ ነበር እኮ! ቪጊል ከሥራ ታገደ፤ ክስም ተመሠረተበት። መጠጥ ቤት ሲገባ «እህ ቪጊል፣ ዛሬስ ማንን አጠመድክ?» የሚሉት አብሮ አደጎቹ ናቸው። እኔ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብለምን ደግሞ እርስዎ ራስዎ፣ «አንቺ ኖትቡርጋ፣ ገመድ ይገድላል ብለን ጽፈን ማን ይመጣልናል? ያንቺስ አልጋ ጦሙን አያድርም?» አሉኝ። ይደር! ባለቤቴ እንቅልፍ ካጣ ወዲህ በእኛስ ቤት አልጋ ምን ያደርጋል?

6. ስለዚህ ገጽ ስድስት ተቀድዶ በምትኩ «ቁልቁለቱ ከተዘጋ በኋላ አይውረዱ፤ የብረት ገመድ አለ፤ ይገድላል» ተብሎ እንግዶቻችን በሚያነቡት ቋንቋ ሁሉ እንዲጻፍ፣ ዮሪስም እዚያ የተገኘው በእናንተው ምክር መሆኑን ለመርማሪዎች በፊርማዎ እንዲያረጋግጡልኝ አመለክታለሁ። ችሎቱ ከገና በፊት ነው፤ ቪጊል ከተፈረደበት በኋላ የሚመጣ እውነት አይጠቅመኝም።

7. ይህን ጽፌ ልፈርም ስል የዘንድሮው መጽሔት በየክፍሉ አስቀምጪ ተብሎ ደረሰኝ። አላስቀመጥኩም፤ ከነእሽጉ መልሼዋለሁ። ገጽ ስድስት እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ፎቶ ተጨምሮለታል። ጀምበር ጠልቃ በረዶው ቀልቷል፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ አንዲት ብርሃን ትታያለች። ሥሯም «ወደ እርሷ ይውረዱ» ተብሎ ተጽፏል። ቪጊል ገና ሲያያት አወቃት። የእሱ መኪና መብራት ናት። ገመዱ ፎቶው ላይ አይታይም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ኖትቡርጋ ሆልትስል
(ፊርማ)