«ያልኖርኩትን አልጽፍም» ያሉት መምህር የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ከአባታችን የእንጨት ሥራ ክፍል ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ለአዘጋጁ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች ስሕተት ካለ ግማሹ ጥፋት የእሳቸው ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቀለም ጎበዝነታቸው እየተመሰገኑ አጠናቀቁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1966 ዓ.ም. ተመርቀው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ዛሬ በመካከላችን ካሉት ነርስ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1973 ዓ.ም. በየእሑዱ ለምእመናን የሚታደለውን የአንድ ገጽ መንፈሳዊ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ በቤተ ክርስቲያናቸው ተጠየቁ። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድም እሑድ ሳያስታጉሉ ጻፉ። በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብለው ይጀምራሉ፤ የከሰዓቱ ደወል ሲደወል ጨርሰው ይነሣሉ። በዚያው ፍጥነት ዐሥራ አራት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡ። ምእመናኑ «ማሽኑ» ብለው ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም።

በ1984 ዓ.ም. ግን ነገር ተለወጠ። ስለ ሐዘን በጻፉት አንድ ገጽ ላይ፣ የሚያምን ሰው ሦስት ቀን ካለቀሰ ይበቃዋል የሚል ነገር አስፍረው ነበር። በሳምንቱ በሰፈሩ የታወቀች ልብስ ሰፊ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ይዛ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ልጇን ከቀበረች ሁለት ወሯ ነበር። «መምህር፣ ማንን ቀብረው ነው ይህን የጻፉት?» አለቻቸው። ማንንም ቀብረው አያውቁም ነበር። ይቅርታ ጠየቋት፤ ለቀጣዩ እሑድ ግን የሚጽፉት አጡ። «ከእንግዲህ ያልኖርኩትን አልጽፍም» ብለው የማሉት ያኔ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ስለ ክርስትና ኑሮ ባለ ሰባት ምዕራፍ መጽሐፍ ጀመሩ። ስለ ትዕግሥት ለመጻፍ ሲሉ በየመሥሪያ ቤቱ ረጅሙን ሰልፍ እየመረጡ ቆሙ። በሽተኛ ስለ መጠየቅ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በማያውቋቸው ሰዎች አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ መስጠት ሲጽፉ የቤቱ ብቸኛ ሬዲዮ ሄደ፤ ቀጥሎ ትርፍ ብርድ ልብሶቹ ሄዱ። ባለቤታቸው «ይህ መጽሐፍ ሳያልቅ ቤቱ ያልቃል» ማለታቸውን ልጆቹ እየሣቁ ያስታውሳሉ። በሃያ አንድ ዓመት ስድስት ምዕራፍ ተጻፈ። «ማሽኑ» ቀረና «ኤሊው» ተባሉ። የቀረው ሰባተኛው፣ ስለ ይቅርታ የሚናገረው ምዕራፍ ነበር።

የጽሑፉ አዘጋጅ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጻሕፍትን ለሕትመት በማሰናዳት ይተዳደራል። ስድስቱን ምዕራፎች ቃል በቃል ያውቃቸዋል፤ ከእነሱ የሚሻል ነገር በእጁ አልገባም። አንባቢ መጽሐፉ መቼ ይወጣል ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ መልስ የሚያጣውም እሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. ትዕግሥቱ አለቀ። ሰባተኛውን ምዕራፍ በወንድሙ አጻጻፍ ራሱ ጻፈውና ከስድስቱ ጋር አያይዞ ለእርማት አትሞ ሰጣቸው። አያስተውሉም ብሎ ነው። ይህን ያህል ሞኝ ሰው ቤተሰባችን ውስጥ ከዚያ በፊት አልነበረም።

እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ድረስ አነበቡ። ሰባተኛውን ሲጀምሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«የሚጠብቀው እኔን ነው እንጂ አንተን አይደለም።»

የራሳቸውን ስድስት ምዕራፎች ለይተው ይዘው ወጡ። ከዚህ በኋላ «አዘጋጁ» እያልኩ መቀጠል አልችልም። ዘጠኝ ዓመት አላናገሩኝም። ቤቴ መጥተው ባለቤቴንና ልጆቼን ስመው ይሄዳሉ፤ እኔን እንደ ወንበሩ ያልፉኛል። በ2011 ዓ.ም. እናታችንን ስንቀብር ትከሻ ለትከሻ ቆመን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። የቤተ ክርስቲያኑን መጋቢ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «እየሠራሁበት ነው» ብለው መለሷቸው፤ ይቅርታ ረቂቅ ያለው ይመስል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሰባተኛው ምዕራፍ አንድ መስመር አልተጻፈም። ይቅር ሳይሉ ስለ ይቅርታ አይጽፉማ! ያንን ደንብ አከበርኩላቸው፤ ግን ምሳዬ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ጸሎቴ መሐል ሳይቀር አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል ገቡ። በጥር መጀመሪያ ባለቤታቸው ደውለው «ና ይልሃል፤ ያንን ጽሑፍህንም ይዘህ ና» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ። በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቀን ሙሉ አረሙት፤ ማረም ከተባለ። የተረፈ ዐረፍተ ነገር አላገኘሁበትም።

«ስትጽፈው ማንን ይቅር ብለህ ነበር?» አሉኝ።

«ማንንም። እንዲያውም በእርስዎ ተናድጄ ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

ሳል እስኪይዛቸው ሣቁ። ከዚያ የመጨረሻውን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው መጻፍ ጀመሩ። አምስት መስመር ለመጻፍ ስምንት ቀን ፈጀባቸው። አንድ ቃል ይጽፉና ጣሪያውን ያያሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። የጻፉት ይህ ነው፦

«ያልኖርኩትን አልጽፍም ማለቴ ደግ ነበር። ቀስ ማለቴን ግን ትሕትና ብዬ ጠራሁት እንጂ ግማሹ ኩርፊያ ነበር። ወንድሜን ለምዕራፌ ስል ሳይሆን ለእሱ ስል ይቅር ልለው ብነሣ ኖሮ ዘጠኝ ቀን እንኳ ባልፈጀብኝ። አሁን ይቅር ብዬዋለሁ። መዘግየቴን ግን እሱ»

እዚህ ላይ ደከማቸው፤ እስክሪብቶውን ተቀብዬ አስቀመጥኩላቸው። በማግሥቱ ጥር 19 ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና እኔ አጠገባቸው እያለን አረፉ።

ወንድማችን ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ከአራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከሁለት እኅቶቻቸውና ከአንድ ወንድማቸው ተለይተዋል። መጽሐፋቸው በዚህ ዓመት ይታተማል። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አሟላው ያላችሁኝ አላችሁ። አልነካውም፤ እንደተቋረጠ ይወጣል። የሚጠይቀኝ ምን እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «መዘግየትዎን ይቅር ብያለሁ» ብዬ ባስነብብ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ሐሰት ነው። አሁንም ተናድጃለሁ፣ ጋሼ። ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ፤ ለእኔም ያንን ቃል ከልቤ የምናገርበትን ቀን ያምጣልኝ። አሜን።