ስምህን የወሰደብኝ ልጅ

መስፍኔ፣ የኔ ጌታ፣

አንተን ከቀበርን ወዲህ ይኸው ሁለተኛው በረዶ ወረደ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሳራ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንድ ነው ብለዋታል።

ሌላው ወሬ ግን ያንገበግበኛል። እህትህ ገነት በየጊዜው ልጇን ይዛ ከደቡብ ዳኮታ ትመጣና እኛ ቤት ታድራለች። እዚያ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ጾታቸውን ለመለወጥ የሚያደርጉት ሕክምና በሕግ ተከለከለ። እዚህ ሚኒሶታ ስላልተከለከለ ሐኪም የምታሳየው ሚኒያፖሊስ ነው። ቤዛ ብለን ያሳደግናት ልጅ አሁን ወንድ ነኝ ብሏል፤ ድምፁም እየጎረነነ ነው። ስለ ሕጉ ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው፤ ልጁ ለራሱ ያወጣው ስም መስፍን ነው።

ቅናት ነው፣ አልደብቅህም። የወለድነው ሳራን ብቻ ነው፤ በደንባችን ደግሞ የልጅ ልጃችን የሚከተለው የአባቱን ስም እንጂ ያንተን አይደለም። ስለዚህ ስምህን ለሚወለደው ልጅ አስቀምጬው ነበር። ሳራ እንኳ የያዘችው ከስሟ ኋላ ነው፤ የገነት ልጅ ግን ከፊት አደረገው! ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?

ጠየቅኩት። በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ ወንድ መሆኑን መጀመሪያ የነገረው ላንተ ኖሯል፣ በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ ላይ ዓሣ ልታጠምዱ የሄዳችሁ ጊዜ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንድም ቀን ዓሣ ይዘህ አልገባህም። ለካ ይህን ይዘህ ነበር የገባኸው! አንድ ትራስ ላይ እያደርን ለእኔ ትንፍሽ አላልክም። ለዚህም ቀናሁ።

እኔም የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ እያልኩ ስሙን ስዘለው ከረምኩ። ገነት ገብቷት አኩርፋኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ከቀጠሮ ሲመለሱ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ባደገበት አገር ሐኪሞቹ አናይህም አሉት፣ አጎቱ ቤትም በስሙ የሚጠራው ካጣ የት ልውሰደው አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ራት ሲቀርብ ልጁ ምድር ቤት ነበር። ደረጃው አናት ላይ ቆሜ፣ ቅናቱም ሳይለቀኝ፣ መስፍን ብዬ ተጣራሁ። አቤት አለኝ፣ በአማርኛ።

ከእንግዲህ እጠራዋለሁ። ስሙን ይውሰድ፣ ይደግበት። በጠራሁት ቁጥር ግን ቀድመህ ፊቴ ላይ የምትመጣው አንተ ነህ፤ ያቺን ቅጽበት ለማንም አላካፍልም።

ያንተው ጸሐይ