የሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ገጽ ጸሐፊ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደባርቅ ከተማ፣ አባታችን ባወረሰን ቤት ውስጥ። እኔ ባንቻየሁ ክንዴ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ሰኞ አዲስ አበባ ልቤን ይከፍቱታል። ሐኪሙ ትድኛለሽ ብሎኛል፤ እኔም አምኜዋለሁ። ባልመለስ ግን ስለ እኔ ሌላ ሰው እንዳይናገርልኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን አስጽፋለሁ።

ምስጋናዬን ከንብረቴ አስቀድማለሁ። ያስተማረችኝ ጃፓናዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ሀሩኮ ኢሺዋታ ናት፤ ደባርቅ «እትዬ ሀሩኮ» ይላት ነበር። በሰሜን ጃፓን ከጀልባ ጠጋኝ አባት ተወለደች። ቶኪዮ ስትማር መምህሯ «ጥሩ የፒያኖ አስተማሪ ይወጣሻል» ብሎ ድርሰቷን ሳያነብ መለሰላት። ሃያ ዓመት የሰዎችን ልጆች ፒያኖ እያስተማረች በትርፍ ጊዜዋ ጻፈች። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ በኦርኬስትራ ሲሰማ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ስሟ በብዙ አገር ተጠራ። በ2000 ዓ.ም. የእኛን ዜማ ከካሴት ሰምታ መጣችና ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። መንገዱ ከተዘጋባቸው ዓመታት በቀር በየዓመቱ ጥር ላይ ትመጣ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ክንዴ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያስተምሩ ከበር ኋላ ሆኜ የያዝኩትን አንድ ቀን አዜምኩላት።

«ማን አስተማረሽ?»

«በሩ» አልኳት።

ሳቀች። በማግስቱ እርሳስ ሰጥታ ኖታ አስጀመረችኝ። አዲስ አበባ ሙዚቃ እንድማርም የከፈለችልኝ እሷ ናት።

በ2009 ዓ.ም. «የሊማሊሞ ጉም» የተባለው ሥራዋ ደባርቅ በትምህርት ቤት አዳራሽ ሲቀርብ፣ ከሚያዜሙት አንዱ ዲያቆን ከአራራይ ዜማ ወደ ዕዝል ሾለከ። አባቴ ከፊት ወንበር ተነሥተው ወለሉን በመቋሚያቸው መቱ። «ስተሃል ልጄ! መልስ!» ብለው ራሳቸው አቀኑለት። በማኅሌት ልማዱ ይኸው ነው፤ ኮንሰርት መሆኑ ትዝም አላላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ሀሩኮ ግን ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸውና «እባክዎ መሪጌታ፣ ነገም ይነሡልኝ» አለች። በድርሰቱም ላይ «እዚህ ቦታ አንድ ሽማግሌ ከታዳሚው ተነሥቶ ያርማል» ብላ ጻፈች።

«ለመሆኑ ጃፓን አገር መሪጌታ አለ?» አሏት አባቴ።

«የለም። ግን ቁጡ ሽማግሌ ሞልቷል» አለቻቸው።

አምና በሰባ አራት ዓመቷ አረፈች። ነፍሷን ይማር።

አሁን ወደ ንብረቴ። የአባቴ መቋሚያና ጸናጽል ለደረስጌ ማርያም የዜማ ተማሪዎች ይሰጥ።

የእትዬ ሀሩኮ የድምፅ መቅጃና ወፍራም ካፖርቷ ለባለበቅሎው ለአቶ ገዱ ነው። ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ከተባለው ቦታ፣ የነፋሱን ድምፅ ስትቀዳ ሁለት ቀን ሙሉ የበቅሎዋን ቃጭል በጨርቅ ጠቅልሎ በእጁ ይዞ ቆሞላታል። በቅሎዋ አንድ ጊዜ አስነጥሳለች፤ ድምፁ እስካሁን ካሴቱ ላይ አለ። ምስክር ልሁን ብሎኝ ነበር። ስጦታ የሚቀበል እንደማይመሰክር ነግሬዋለሁና አይቀየም።

የአባቴን ዜማ ከነምልክቱ ወደ ኖታ የመለስኩበት ጥራዝ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሁን። መገልበጥ የምትፈልግ ልጅ ማንንም ሳታስፈቅድ ትገልብጥ።

በዚህ ጥራዝ ተበድያለሁ። አራት ዓመት የጻፍኩትን ወንድሜ ዲያቆን ደርቤ በ2012 ዓ.ም. ለኅትመት ወስዶ በስሙ አሳተመው። እትዬ ሀሩኮ ፍርድ ቤት እንሂድ አለችኝ፤ እኔ አባቴ እንዳይሰበሩ ዝም አልኩ። አሁን እሳቸውም እሷም የሉም። ሰኞ ካልነቃሁ መጽሐፉ የእሱ እንደሆነ ይቀራል።

ይህንን ስናገር ደርቤ እዚሁ ተቀምጧል። የተባባልነውን ጸሐፊዋ ሊድያ እንዳለ እንድትጽፈው አዝዣለሁ።

«ባንቹ፣ ሰው ሰብስበሽ ታዋርጂኛለሽ?»

«አንተስ አሳትመህ አይደል የወሰድከው?»

«ማኅሌት ያልገባች ሴት ጻፈችው ቢባል ማን ያምን ነበር? መጽሐፉ እንዳይቀር ብዬ እኮ ነው!»

«መጽሐፉስ አልቀረም። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ከምስክሮቹ አንዱ ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ «እውነቱን እስኪጽፍ የቤት ድርሻሽን ያዥበት» ብለው መከሩኝ። አልይዝበትም። ልቤ በጣለኝ ቀን በቃሬዛ ሐኪም ቤት ሲያደርሱኝ የፊተኛውን ጫፍ ለማንም አልለቅም ብሎ እስከ መጨረሻው የተሸከመኝ ደርቤ ነው። ስለዚህ የቤቱ ድርሻዬ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ ቢጽፍም ባይጽፍም። እውነትን በቤት አልገዛም። ከፈለገ እውነቱን እንዲጽፍበት ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። ባዶ ሆኖ ከቀረም ባዶነቱን አንባቢ ይየው።

ይህ ኑዛዜ በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ባንቻየሁ ክንዴ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ታገኘ (ፊርማ)
ወይዘሮ አገርነሽ ማዕረግ (የጣት አሻራ)
አቶ ሰብስቤ ብርሃኔ (ፊርማ)
ጸሐፊዋ ወይዘሪት ሊድያ አንዱዓለም (ፊርማ)

ምስክሮቹ ፈርመው ከተነሡ በኋላ፣ በባዶው ቦታ ላይ በራሱ እጅ የተጻፈ፦

እኔ ዲያቆን ደርቤ ክንዴ፣ መጽሐፉን የጻፈችው እህቴ ባንቻየሁ ናት። እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም።

ደርቤ ክንዴ (ፊርማ)