ለ«ቴክ» ቅጣት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ መምህር ዓለምነው፣
የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
እንጅባራ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእንጅባራ ብርድ ጉሮሮዎን እንዳይነካብን፣ ድምፅዎም ለተግሣጽ እንደ ወትሮው እንዲበረታ ምኞቴ ነው። እኔ የእህተማርያም አባት፣ ባጃጅ ነጂው ይኸነው ነኝ። ከጥርባ ገጠር በአዊኛ ተምራ ለመጣችው ለወንበር ጎረቤቷ ለምሕረት፣ አዊኛ በማይፈቀድበት ክፍልዎ ውስጥ ጥያቄዎን በአዊኛ ስላስረዳች፣ ልጄን «ቴክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሞችና አመጣጥ ጽፈሽ ነይ ብለው ስለቀጡልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ። ቅሬታ የሚመስል ነገር ካገኙበት የአባት ድፍረት ነውና ይለፉኝ።

አንደኛ፣ እኔ ቃሉ «መውሰድ» ብቻ ይመስለኝ ነበር። በእርስዎ ቸርነት እንግሊዞች በዚሁ በአንድ ቃል መድኃኒት እንደሚውጡ፣ ፎቶ እንደሚያነሱ፣ ለፈተና እንደሚቀመጡ፣ የጫግኒን አውቶቡስ ቢያገኙም በእሱው እንደሚሳፈሩ ቤተሰቡ በሙሉ ተረድቷል። ልጄ ስልኬን ይዛ ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ስትቆም ጉንፋን ያዛት፤ የምትውጠው ክኒንም በ«ቴክ» ስለሆነ ትምህርቱ አልባከነም።

ሁለተኛ፣ አመጣጡን በተመለከተ፣ እንግሊዞች ቃሉን ያገኙት የሰሜንን ባሕር ተሻግረው ሊዘርፏቸው ከመጡ፣ ኋላም ጎረቤት ሆነው ከቀሩ ሰዎች ነው አሉ። የራሳቸውን የጥንት ቃል ትተው የጎረቤታቸውን ያዙ። መውሰድ የሚሉበትን ቃል ሳይቀር ከሰው ወስደዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ ቆራጥ ሰብሳቢ አለመኖሩ ያሳዝናል፤ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የሚያስተምሩት እንግሊዝኛ ባልተረፈ ነበር።

ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። ምሕረት ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ትምህርቱን ትቼ ጥርባ ልግባ እያለች ነው። ይህ ያንገበግበኛል። እባክዎ ሳትሄድ አንድ ነገር ይበሏት፤ በአዊኛ ቢሆን ቶሎ ይገባታል።

ባጃጄ በዚያ በተቦረቦረ የትምህርት ቤት መንገድ ላይ ለክብርዎ ምንጊዜም ዝግጁ መሆኗን እየገለጽሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ይኸነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከእናትዎ ከእትዬ ዘውድነሽ ጋር ባጃጄ ላይ ተሳፍረው ከመናኸሪያ እስከ ደጅዎ ያወሩት በአዊኛ ነበር፤ አነጋገርዎም እጅግ ያምራል። «መምህርሽንስ በየትኛው ቃል እንቅጣቸው?» ብዬ ልጄን አማከርኋት። እሷ ግን «እናታቸው አማርኛ ስለማይገባቸው ነው፤ ለማይገባው ሰው ማስረዳት ጥፋት አይደለም» ብላ ምራዎታለች።